ለአለልኝ የመጣው አኮርዲዮን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ሐሜቱን፣ ቂሙን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬላቸው ስነሣ፣ ይህች አንዷ ጉሮሮዬ ላይ ቀርታ አብራኝ ወደ ቤት ትመለሳለች። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልናገራት ነው። ለማያውቀኝ ሰው ለምን ቀለለኝ? እሱንም አላውቅም። ከዚህ ነገር የማውቀው ያደረግሁትን ብቻ ነው፤ ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

እናኑ እባላለሁ። እንጅባራ ውስጥ ደብተር፣ ስኳርና ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ አለልኝ መምህር ነው። ያኔ የሚያስተምረው ከአዲስ ቅዳም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ገበሬው ከሰል በሚያከስልበት፣ ጭስ በማይለየው አገር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ ይሄዳል፤ ዓርብ ማታ ይመጣል። በመካከሉ ብፈልገው አላገኘውም፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።

አለልኝ በወጣትነቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ ዳንግላ በነበረ የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። እኔ አልደረስሁበትም። መሣሪያው የመንግሥት ስለነበር፣ መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። እኔ የማውቀው አለልኝ ዝምተኛ፣ የተማሪ ደብተር አርሞ የሚተኛ ሰው ነው። አንዳንድ ጊዜ ሬዲዮ ሲሰማ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «ምን ሆንህ?» ስለው፣ «ምንም» ይለኛል።

ጀርመን የሚኖር ታናሽ ወንድም አለው፤ ታደለ ይባላል። አንድ ዓርብ ማታ ታደለ ደወለና «አኮርዲዮን ገዝቼልሃለሁ፣ የቀረጡንም ነገር አታስብ» አለው። ፎቶውን በእኔ ስልክ ላከው፤ የአለልኝ ስልክ ፎቶ አይቀበልም ነበር። ቀይ አኮርዲዮን ነው፤ ያገለገለ፣ ግን የተወለወለ። አለልኝ ስልኬን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየው። ከዚያ ሳቀ።

ያንን ሳቅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሆዱ የወጣ፣ የልጅ ሳቅ። ስንጋባ አልሳቀውም። ልጃችን ስትወለድ ደስ ብሎት ነበር፤ ግን እንዲህ አልሳቀም። አጠገቡ ተቀምጬ በልቤ «ይህ ሰው ማነው?» አልሁ።

ዕቃው ሲላክ የተቀባይ ስልክ ተብሎ የተሰጠው የእኔ ቁጥር ነበር። አለልኝ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ጠረጴዛ አስጠግቶ፣ ልብስ አልብሶ፣ ቦታ አዘጋጀለት።

የተደወለው የገበያ ዕለት ነው። ስኳር እየመዘንሁ ነበር።

«የአቶ አለልኝ ስልክ ነው?» አለኝ ትሕትና ያለው ድምፅ። «ከባሕር ዳር ነው የምንደውለው። ከውጭ አገር በስማቸው የሙዚቃ መሣሪያ መጥቷል። መጥተው እንዲወስዱ ነው። ለግል መገልገያ ነው ወይስ ለሽያጭ?»

ለግል። ይህች ቃል ገብታ ውስጤ ተቀመጠች። ለግሉ ነው፤ እኔ የለሁበትም ማለት ነው? እንዲህ ብዬ አስቤ ነበር? ወይስ አሁን ነው የማስበው? ብቻ አፌ ተከፈተ።

«ተሳስተዋል» አልሁት። «አለልኝ የሚባል ሰው አላውቅም።»

የባሌን ስም ጠርቼ አላውቀውም አልሁ። ጴጥሮስ ሲክድ ዶሮ ጮኾለት አልቅሷል። እኔ የጀመርሁትን ስኳር መዝኜ ጨረስሁ፤ ለደንበኛዬም መልስ ሰጠሁ።

ደንግጬ ነው እንዳልል፣ በሌላ ቀን ያው ድምፅ ደግሞ ደወለልኝ። «እባክዎ፣ የተጻፈልን ቁጥር ይሄ ነው» አለ። ዘጋሁበት። ከዚያ ፎቶውን ከስልኬ አጠፋሁት። እሺ፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ ይሁን፤ ሁለተኛውን ምን ልበለው?

አንዳንዴ የኪነት ቡድኑን ዘፋኝ ፈርቼ ነው እላለሁ። አለልኝ ይወዳት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን እሷ ጫግኒ አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች። አንድ ጊዜ ሱቄ መጥታ ሳሙና ገዝታለች፤ ስንጫወት ቆይተን ወድጃት ነው የተለያየነው። ታዲያ ምን አስፈራኝ? ባሌ ደስ እንዳይለው ነው የፈለግሁት? ባሏ ደስ እንዳይለው የምትፈልግ ሴት ነኝ እኔ? አይደለሁም ብዬ እምላለሁ፤ ያደረግሁት ግን እሱኑ ነው።

ዓርብ መጣ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «አልተደወለም?» አለኝ።

«አልተደወለም።»

በሚቀጥለውም ዓርብ ጠየቀኝ፤ አልተደወለም አልሁት። ከዚያም በኋላ ጠየቀኝ፤ አልተደወለም አልሁት። ባሕር ዳር ሄጄ ልጠይቅ ሲል ደግሞ «ቢደርስ ይደውሉ አልነበር? ለምን ከሥራ ትቀራለህ?» አልሁት። በዚህ ብቻ ባቆም ምን ነበረበት? «ታደለ ምናልባት አልላከው ይሆናል» አልሁ። «የውጭ ኑሮ ነው፤ ቸግሮት ሸጦት ይሆናል፤ ላንተ መንገር አፍሮ ነው።» ይህን ስል ድምፄ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። በእውነትም አዝኜ ነበር። ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አለልኝ መጀመሪያ ተቆጣኝ። እያደር ግን ቃሌ ገባው። አንድ እሑድ ወንድማማቾቹ በስልክ ተጣሉ።

«ደርሷል ካልህ የታለ?» አለ አለልኝ። «አልላክሁም በለኝ፤ አልቀየምህም። ግን አትዋሸኝ!»

ታደለ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። አለልኝ ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ በኋላ አልተደዋወሉም።

ዓመት አለፈ። ዳንግላ አጠገብ ገጠር የሚኖሩት እናታቸው ታመሙ። አገውኛ ነበር የሚቀናቸው፤ እኔ የምሰማው ጥቂት ነው። የሁለቱን ልጆች ስም እያከታተሉ ሲጠሩ ግን የሚሉት ገብቶኛል። ልጆቻቸው ሳይታረቁ አረፉ። ታደለ ለቀብሩ አልደረሰም፤ ለተዝካሩ መጣ። ከእኛ ቤት አላደረም፤ ዳንግላ ሆቴል ያዘ። ዳሱ ውስጥ ሁለቱ ፊትና ጀርባ ሆነው ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው ወጥ አወጣለሁ።

ሳሕኑን ሳቀርብለት ታደለ ቀና ብሎ አየኝ። «እታለም፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ? ልኬለት ነበር።»

«አምንሃለሁ» አልሁት።

ዓይኑ እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ እጄን ሳመው። ከዚያ ዳስ ሰው ሁሉ መካከል እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። እጄን ሰብስቤ ወደ ወጡ ተመለስሁ። ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሁም? ሁለቱም ነበሩ፤ ካህናቱ ነበሩ፤ ዘመድ ነበረ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ሄጄ የታጠቡ ሳሕኖችን እንደገና አጠብሁ።

በተከታዩ ክረምት አለልኝ ለመምህራን ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደ። ሲመለስ እንደ ወትሮው እራቱን በላ፤ ልጃችንን ስለ ትምህርቷ ጠየቃት። ከዚያ ስልኬን ተቀበለኝና እዚያው ፊቴ ደወለ።

«ታደለ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ልከኸው ነበር። ሄጄ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የሚወስደው ሰው ሲጠፋ ተሸጧል። ደውለውልኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ደውለውልኝ ነበር አለ። የተጻፈላቸው ቁጥር የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። አንዲት ሴት አንሥታ አላውቀውም እንዳለችም ነግረውት ይሆናል። ታደለ ከወዲያ ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ አለልኝም አለቀሰ። ስልኩን ሲመልስልኝ ዓይኔን አላየኝም። ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት?

ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ደግ ቃልም አልጨመረልኝም። እንደ ድሮው ነው። ሸፍኖልኝ ነው? ንቆኝ ነው? ሌሊት ሲተነፍስ እየሰማሁ ራሴን እጠይቃለሁ። ታደለ «ሌላ ልላክልህ?» ብሎት ነበር። «ጣቴ ደንዝዟል፣ ተወው» አለው።

አንድ ዓመት የዐቢይ ጾም መያዣ ላይ፣ ሰው ሁሉ ይቅር ለእግዜር ሲባባል፣ ልቤን አጽንቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ጫማውን ያስር ነበር።

«አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልሁት።

«ተይው።»

«ምኑን?»

«ልትነግሪኝ ያሰብሽውን።»

ማሰሪያውን ቋጠረ፤ ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። ይቅር ብሎኝ ነው የወጣው? ወይስ ከአፌ ቢሰማው አብሮኝ መኖር እንዳይከብደው ፈርቶ? ልከተለው ተነሥቼ ደጃፉ ላይ ቆምሁ፤ ከዚያ ተመለስሁ።

እሱ ተይው ስላለኝ የተተወ አይደለም። ምክንያት አላቀርብም፤ የለኝም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ሁለት ጊዜ ተደውሎልኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ። ባሌን አላውቀውም አልሁ፤ ወንድሙን ውሸታም አስመሰልሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት።