የግንቦት ነፋስ

አባቴ ነፋስ አዋቂ ነበር። በእኛ በጨፋ ሜዳ ማሽላ ተወቅቶ ከገለባው የሚለይበት ጊዜ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ መንሹን ይዞ እሱን ይጠብቃል። አውድማው ዳር ቆሞ ጭብጥ ገለባ ወደ ላይ ይበትንና አካሄዱን ያያል። «ቢስሚላህ በሉ» ሲል ሥራው ይጀመራል። ሲሳሳት አላየሁም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በታኅሣሥ፣ ሁለት ባለሙያዎች ከከተማ መጡ። በነፋስ የሚሽከረከር የውኃ መሳቢያ ሊተክሉልን ነው። ናፍጣ አይጠጣ፣ አያጨስ፣ አይጮህ። አምስት ቤተሰብ ሆነን ሽንኩርታችንን የምናጠጣበት አሮጌ ሞተር በጭሱ ያስለን ስለነበር ወሬው አስደሰተን። «አባት፣ ነፋስ የሚበረታው በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት። ወደ አውድማው ጉብታ ወስዶ ገለባ በተነላቸው፤ እነሱም ጻፉ። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አላየሁትም።

ጉድጓዱ እዚያው ተቆፈረ፣ መሣሪያው ተተከለ፣ የጉድጓዱ አፍም በሲሚንቶ ተደፈነ። መንኮራኩሩ ዞሮ ታንከሩ ሲሞላ ያየነውን አምነን አሮጌውን ሞተር ከሚሴ ወስደን ሸጥነው።

ግንቦት ገባ። ቅጠል አይነቃነቅም። ከሲሚንቶው ሥር ውኃ አለ፣ ገመድ የምናወርድበት ቀዳዳ ግን የለም። እናቴና እኔ ከቦርከና ወንዝ በጀሪካን ተሸክመን ሦስት መደብ ሽንኩርት አዳንን፤ የቀረው አረረ። የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። አንዱ ጎረቤታችን አባቴን እያየ «የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን ጣልን፤ ነፋስ አዋቂውስ ምን ይላል?» አለ።

«ረቢቱ ቤካ» አለ አባቴ። አላህ ያውቃል ማለቱ ነው።

ቤት ስንገባ አላስቻለኝም። «አባ፣ ግንቦት ላይ ነፋስ እንደማይኖር አያውቁም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የት ነው አሉኝ፤ አሳየኋቸው። መቼ ነው አላሉኝም። የተማሩ ናቸው፣ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም አልኩ።»

ተናደድኩበት። በባለሙያዎቹ ላይ ልቆጣ ሲገባኝ እሱን ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ያን ሳስብ እስከ ዛሬ ራሴን እጠላለሁ።

በቀጣዩ ታኅሣሥ ጎረቤቶቻችን ገለባውን ራሳቸው በተኑ። አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ ያያቸው ነበር። መንኮራኩሩ ሌት ተቀን ዞረ፤ ማሽላው ግን ታጭዷል፣ ሽንኩርቱም ገና አልተተከለም፤ ውኃ የሚፈልግ የለም። ነፋስን አልወቅስም። ናፍጣ በዋጋ ይመጣል፣ ነፋስ በነጻ ይመጣል፤ ግን ሲጠሩት አይመጣም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረን፤ ግማሹን ብቻ ጠየቁት።

አባቴ የሞተው ከዓመታት በኋላ በታኅሣሥ ነው። ከዚያው ታንከር በቀዳነው ውኃ አጠብነው። ቀብረን ስንመለስ የተረፈው ውኃ ከታንከሩ አልፎ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። ያን ግንቦት አባቴን ያሽሟጠጠው ጎረቤታችን አጠገቤ ቆሞ መንኮራኩሩን ሲያይ ቆየና «ዛሬ ነፋሱ ጥሩ ነበር» አለኝ። አውድማው ላይ ያልተጣራ ማሽላ ተከምሮ ነበር፤ መንሹን ግን ማንም አላነሳም።