ጫፍ ለጫፍ የገጠሙ የወፍ እግሮች

አንድ ተራ ቀን ባንቺአየሁን ጉልበቷንና ድምፅዋን ያስከፍላታል። ጎህ ሳይቀድ ውሃ ቀድታ፣ ልጇን አዝላ ወደ ማሽላዋ ትወርዳለች፤ ዝንጀሮና ሌባ ስታባርር ትውላለች። ማታ ጉሮሮዋ ተዘግቶ እኛን ጎረቤቶቿን በጣት ነው የምታናግረን። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም መጥታ ቸሩን አግብታ እዚሁ መተማ ቀረች። ቸሩ በወባ ሲሞት የተወላት መከታ ከድንበር ማዶ ከገላባት ከአንድ ነጋዴ የገዛው አሮጌ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው።

ዘንድሮ መሣሪያ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። የጦር ሠራዊት የሆነ ይወረሳል፤ በግዢ የተገኘ ወረቀት ተሰጥቶት ለባለቤቱ ይመለሳል። ከዚያን ቀን ወዲህ ባንቺአየሁ መቀመጫ አጣች። "የወፍ እግር የተቀረጸበት ሁሉ የጦር ነው" ሲሉ ሰምታለች። የሷ ደግሞ ብረቱ ላይ እንዲህ ያለ ባለ ሦስት ጭረት ምልክት ሁለት አለው፤ ጫፍ ለጫፍ የገጠሙ።

በኛ አገር ጠመንጃ የገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ምልክት በሞረድ ያጠፋል፤ ልማድ ነው። እሷም ሞረድ ተዋሰች። አንዱን እግር አጥፍታ ሁለተኛው ላይ እጇ ዛለ። እንዲጨርሱላት ብላ የጠመንጃ ሰደፍ የሚሠሩት ሽማግሌ ኢሳ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ኢሳ ብረቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና የተሞረደውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ምነው አባ ኢሳ፣ ሞረድ የለዎትም?"

"ሞረዱንስ አንቺው ጨርሰሽዋል። ማን መከረሽ?"

"ሰው ሁሉ ነዋ።"

"ሰው ሁሉ መዝጋቢዎቹ ፊት አብሮሽ ይቆማል? ስሚኝ ልጄ። ለጦር የተሠራው አንድ የወፍ እግር አለው። ለአዳኝና ለነጋዴ የተሠራው ጭራሽ የለውም፤ የሠሪው ስም ብቻ ነው። ሁለት እግር ጫፍ ለጫፍ ከገጠመ ግን ጦሩ ራሱ ሸጦታል ማለት ነው።"

ባንቺአየሁ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "እንግዲያ ምስክሬን ነው የሞረድኩት።"

"ኸላስ፣ የሆነው ሆኗል። የቀረውን እንዳትነኪ።"

"መልሰው ቢቀርጹልኝስ?"

"ወላሂ አልሞክረውም። አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል። ያኔ ጠመንጃው ብቻውን አይሄድም፤ እኔና አንቺም እንከተለዋለን።"

በማግስቱ ጠመንጃውን እንዳለ ወስዳ እውነቱን ተናገረች። መዝጋቢዎቹ ጠመንጃውን ያዙት፤ ግን በር አልዘጉባትም። "ከዚያው ነጋዴ የተገዛ፣ ምልክቱ ያልተነካ አምጪና ጎን ለጎን እንየው" አሏት። ኢሳ እንደሚሉት ያ ነጋዴ ከኮኪት እስከ ገንዳ ውሃ ለብዙ ሰው ሸጧል። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ዝንጀሮዎቹም ባዶ እጇን መሆኗን አውቀው ቀርበዋል። እሷ ቀን እየጮኸች፣ ሲመሽ የሰው በር እያንኳኳች ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ባንቺአየሁ እንዲህ ትላችኋለች፦ ቤታችሁ ከገላባት የመጣ የእንግሊዝ ጠመንጃ ካለ፣ በጥይት መግቢያው አጠገብ ብረቱን ጠርጋችሁ እዩ። ሁለቱ እግሮች ገጥመው ካገኛችኋቸው ሞረድ አታስነኩ። ለምዝገባ ስታመጡት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በኔ ደጅ እለፉ፤ አብረን እንሂድ።