የኮፍያዎች ወረፋ

ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መላጣ ነው። ሰፈሩ የሚጠራውም በዚሁ ነው። «መላጣው ጋ ደርሼ ልምጣ» ይላሉ፤ ሚስቱ ሳትቀር። ቅር ብሎት አያውቅም። «ለራሴ ጊዜ ባገኝማ እናንተን ማን ያይ ነበር!» ይላል፣ መቀሱን አየር ላይ እያንቀጫቀጨ።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አንድ የእንጨት አግዳሚ። አንደኛው ወንበር የሱ ነው። ሁለተኛው ላይ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ይሠራል። የወንድምየው እጅ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥቱ ግን አጭር።

አግዳሚው የራሱ ሕግ አለው። ሰው ከበዛ ደንበኛው ኮፍያውን አስቀምጦ ጉዳዩን ሊጨርስ ይወጣል። ኮፍያ የሌለው ጃንጥላ ይተዋል፤ ጃንጥላ የሌለው ጋዜጣ። ጫማ ሠሪው አንድ ቀን የደንበኛውን የግራ ጫማ አስቀምጦ ሄዷል። ዕቃው ወረፋ ይይዛል። ባለቤቱ ሲመለስ ደግሞ ጠብ ይነሳል።

«የኔ ኮፍያ ካንተ ጃንጥላ በፊት ነበር!»

«ታዲያ ጃንጥላዬ በእግሩ ነው ወደዚያ የሄደው?»

አንድ ሰኞ ወንድምየው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ፌርማታው ጋ ያለው ሱቅ ና ብሎኛል። እዚያ ሰው ተራው ሲደርስ ብቻ ነው የሚመጣው። የዚህ አግዳሚ ነገር እስከ ቅዳሜ መላ ካላገኘ እሄዳለሁ።»

መላጣው ደነገጠ። ወንድምየው ከሄደ ግማሹ ደንበኛ ተከትሎት ይሄዳል። በአንድ ወንበር ደግሞ ሱቁ አይቆምም። ሚስቱን ምን እንደሚላትም አያውቅም።

ሐሳቡ የመጣለት ያን ዕለት ፂም እየላጨ ነው። ሰው ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ቢያይ ማን ከማን ይጣላል? ለዚያ የሚያስፈልገው ሰርቨር ነው፤ ማለትም ሳይጠፋ የሚቆይ፣ በስልክ ሲጠይቁት ገጹን የሚልክ ኮምፒውተር። መላጣው ይህን የተማረው በሁለት ደንበኞች መሀል እየሰረቀ ከሚያያቸው ቪዲዮዎች ነው። የሚስቱን አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሳጥን አወጣ። ማጠፊያው ተሰብሯል፤ በፕላስተር አሰረው። ከመስታወቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በሽቶና በፓውደር ጣሳ መሀል አስቀመጠው።

ማክሰኞ ሰርቨሩ ተነሳ። የጫነው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር መልእክት አወጣ፤ እየሠራሁ ነው ትላለች። መላጣው የታክሲ ነጂውን ግማሽ ጉንጭ ላጭቶ ነበር። ቀሪውን ትቶ መጨፈር ጀመረ።

«ኧረ በፈጠረህ!» አለ ታክሲ ነጂው በአረፋው ውስጥ። «ጨፍር፣ ምላጩን ግን አስቀምጥ!»

ገጹ ቀላል ነበር። «አሁን የሚጠብቁ» የሚል ጽሑፍና ከሥሩ አንድ ትልቅ ቁጥር። መላጣው መስታወቱ ጠርዝ ላይ በተለጠፈ ስልክ፣ ሰው ሲገባ መደመሪያውን ይጫናል፤ ተቆርጦ ሲወጣ መቀነሻውን። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ስልካቸውን አወጡ።

«አራት ይላል!»

«አራት ነን!»

ተጨባበጡ። ሚስቱ ግን ከቤት ደወለች። «ምንም የለም እኮ። ባዶ ነው።» ሥጋ ሻጩም ከመንገዱ ማዶ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ የለም። መላጣው ቪዲዮውን ደጋግሞ አየና ምክንያቱን አገኘው። ገጹ የሚታየው በሱቁ ዋይፋይ ለገባ ስልክ ብቻ ነው።

«ቆይ ጋሼ» አለ ወንድምየው። «ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ማየት የሚችለው እዚህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ነው?»

«ለጊዜው።»

«ዞር ብሎ ቢቆጥርስ?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። መላጣው አብሮ ሳቀና ዋይፋዩን ወደሚያድለው ሳጥን፣ ወደ ራውተሩ ዞረ። ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ በር ላይ እየመለሰው ነበር፤ አንዷን በር ለላፕቶፑ እንዲከፍት መታዘዝ አለበት። መላጣው ቁጥሮቹን በአንድ ጣቱ እየለቀመ አስገባ። ስልኩ ጮኸ።

«ሦስት ይላል!» ሚስቱ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ይላል! ከወጥ ቤት ነው የማየው!»

መላጣው ወንበሩ ላይ የነበረውን የማያውቀውን ሰው ግንባሩን ሳመው።

ሐሙስ ሰርቨሩ ሞተ። ላፕቶፑን ሲከፍቱት ማቀዝቀዣ ማራገቢያው በፀጉር ታፍኗል፤ የታክሲ ነጂው ጥቁር፣ የጡረተኛው መምህር ሽበት፣ የሰፈሩ ሁሉ ዘር። መላጣው በፂም ብሩሽ ጠረገው። ከዚያ የሚስቱን አሮጌ ስቶኪንግ አለበሰው፤ አየር ያስገባል፣ ፀጉር አያስገባም። ላፕቶፑ ሽንጥ አበጀ ተባለ። ተመልሶ ተነሳ።

ጠብ ጠፋ። ወንድምየው አንድ ቀን ሙሉ ሳይቆጣ ዋለ። መላጣው ግን ደስታው ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር አላስተዋለም፤ ለእያንዳንዱ ኮፍያም መደመሪያውን ሲጫን ነበር። ለሱ ኮፍያ ሰው ነው። ሁልጊዜም እንዲያ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሰዉ ጎረፈ። ኮፍያውን እያስቀመጠ፣ ቁጥሩን በስልኩ እያየ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የተቀመጡት ጥቂቶች ተቆርጠው ወጡ። ቀትር ላይ አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ኮፍያ፣ ጃንጥላ፣ ጋዜጣ፣ የአንድ ሰው መነጽር። ሰው ግን የለም። ገጹ «አሥራ አንድ» ይላል። ሁለቱ ፀጉር አስተካካዮች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

የሱቁ ስልክ ጮኸ። መምህሩ ናቸው።

«ከረፋድ ጀምሮ አሥራ አንድ ነው! ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እርስዎን እየጠበቅን ነው!» አለ መላጣው።

«እኔማ ቁጥሩን እየጠበቅሁ ነው!»

«በቃ ይምጡ፣ ወንበሩ ባዶ ነው!»

«እንዴት እመጣለሁ? ከጃንጥላዬ በፊት የሥጋ ሻጩ ኮፍያ አለ። የሰው ወረፋ አልፌ አላውቅም።»

ሥጋ ሻጩ ጋ ተደወለ። እሱ ደግሞ ቁጥሩ ካልወረደ ሱቁን ዘግቶ አይነሳም። «አሥራ አንድ ሰው እያለ ምን ላደርግ?»

«አንተ እኮ ነህ አንዱ!»

«አሥሩስ?»

መላጣው መቀነሻው ላይ ጣቱን አድርጎ ቆመ። ሊጫነው አልቻለም። «ያልተቆረጠ ሰው እንዴት እቀንሳለሁ? ነገ ይሄን ገጽ ማን ያምነዋል?» ቀና ብሎ ወንድምየውን አየ። ወንድምየው ሽርጡን እየፈታ ነበር።

መላጣው ጣቱን ከስልኩ ላይ አነሳ።

ወንድምየው ሽርጡን አራገፈ፤ መልሶ አሰረው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቁን አፍኖ ነው። ወደ አግዳሚው ሄደ። የሥጋ ሻጩን ኮፍያ በሁለት እጁ አነሳ። ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው። ነጩን ጨርቅ ከሥሩ አለበሰው።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። ጎንና ጎኑን ላሳጥርልዎ?»

«ከላይ እንዳትነካው» አለ መላጣው፣ ሳቁ እያመለጠው። «የሳሳ ነው።»

ወንድምየው ቶንዶሱን አስነሳ። የኮፍያውን ጠርዝ ዙሪያ እየተከተለ የሱፉን ብናኝ አነሳለት። ብሩሽ አደረገለት፤ ሽቶ ነፋበት። ትንሿን መስታወት ከኋላው ይዞ ማጅራቱን አሳየው። «ያምራል? እግዜር ይስጥልን። ጋሼ፣ ቀንስ!»

መላጣው ተጫነው። አሥር።

መምህሩ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ደረሱ። «ተራዬ ነው! ተራዬ ነው!» ከኋላቸው ሥጋ ሻጩ፣ ቢላውን እንኳ ሳያስቀምጥ።

«ማነው በኔ ወረፋ የተቆረጠው?»

«ኮፍያህ» አለ ወንድምየው። «የረጋ ደንበኛ ነው። ካንተ ይሻላል።»

ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን ተቀብሎ አሸተተው። ከገዛው ጀምሮ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። አናቱ ላይ ደፍቶት መስታወት ፊት ዞረ። ታክሲ ነጂው ከበሩ ገባ፣ ጫማ ሠሪው ተከተለ፤ ወሬው ከቁጥሩ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል። የቀረው ሁሉ መጣ፤ ኮፍያቸው ሲቆረጥ ሊያዩ የመጡ፣ ኮፍያ የሌላቸው ሳይቀሩ። አግዳሚው ሞልቶ በሩ ላይ ቆሙ። ሁሉም ገጹን በስልኩ ደጋግሞ ይከፍታል፤ መደርደሪያው ላይ ስቶኪንግ የለበሰው ላፕቶፕ እንደ ንብ ይጮሃል።

«የኔን ጋዜጣ ፂሙን ብቻ!»

«ጃንጥላዬን ከርከም አድርግልኝ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ሱቁ ሰምቶ አያውቅም። በዚህ መሀል የወንድምየው ስልክ ጮኸ። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ቆለፈው፤ እጁ የመምህሩ ሽበት ላይ እየሠራ ነው። መላጣው መቀሱን አቆመ።

«ማን? የፌርማታው? … ምን አልክ? … አልሰማህም፣ እዚህ ሰው ይጮሃል! … አይ፣ ጠብ አይደለም! … መቼ እንደምጀምር?»

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን ከአናቱ አወረደ።

«አልመጣም» አለ ወንድምየው። «ባይሆን አንተ ና። ኮፍያ ይዘህ ና።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና የመምህሩን ጭንቅላት በሁለት ጣቱ ወደ ግራ አዘነበለ።

«ጋሼ፣ ምን ትገተራለህ? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»