ሬሕማ ለሐዘንተኛዋ ያለችው

ሬሕማን እንግሊዝኛ የያዛት ሻይ ስታቀርብ ነው። እንደ ጉንፋን ተጋባባት ቢባል ይቀላል። ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር በምትሠራበት ቤት የእመቤቷ የሉጥፊያ ልጅ ሙስዐብ ከጓደኞቹ ጋር ሳሎኑን ዘግቶ ፕሌይስቴሽን ሲጫወት ይውላል፤ ጎረምሶቹ ደግሞ የሚፎካከሩትም የሚሰዳደቡትም በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ትሪዋን ይዛ ትገባለች፣ ባዶ ብርጭቆ ታነሳለች፣ ሙሉውን ታስቀምጣለች፤ ጆሮዋ ግን ሥራ አይፈታም። የለቀመችውን ሁሉ አጠራቅማ፣ ጁምዓ እረፍቷን ሐበሻ ወደሚበዛበት ሳጃና ሰፈር ስትወርድ ለወሎ ልጆች ታከፋፍላለች። ገና ከበሩ «ዋትስ አፕ፣ ብሮ!» ስትል ሴቶቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እሷም ደስ ይላታል። ከኩታበር ወጥታ ሱዳን ከገባች ወዲህ ሰው በአድናቆት ያያት በዚህ ብቻ ነውና አይፈረድባትም።

ሳጃና አንድ ካፌ ጓሮ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ነጂብ ግን መክሯት ነበር። የመንገድ ቃል አትማሪ አላላትም፤ ሰው የሚያወራውን ለመስማት ያስፈልግሻል ነው ያላት። ነገር ግን ማን ለማን እንደሚለው፣ እየሳቀ ይሁን እያዘነ ሳታውቂ ከአፍሽ አታውጪው አላት። ሬሕማ ሳቀችበት። ዐረብኛውንስ ቢሆን በምን ተማርኩት፣ በኪታብ ነው እንዴ፣ ከቤቱ ልጆች አፍ አይደለም ወይ የለቀምኩት ብላ ተከራከረችው። እውነቷንም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የሉጥፊያን ባል፣ ያንን የተከበረ ሽማግሌ፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንደሚጠራሩት «ያ ዞል»፣ አንተ ሰውዬ እንደማለት፣ ብላ ብትጠራው፣ ሰውየው እንባው እስኪፈስ ነው የሳቀው። ታዲያ ምን ጎደለባት? የታለፈችው ቃሉ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ሰውየው ስለወደዳት መሆኑን የነገራት አልነበረም።

እንዲህ እያለ እትዬ ለተብርሃን ሰው ፈለገች። ለተብርሃን ቡሪ ሰፈር ባሏ በቅርቡ ከሞተባት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት ለዓመታት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። መቀሌ ያለች ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፣ ልታርሳት መሄድ አለባት። ካርቱም ባሉ የሐበሻ ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ ጥሩ ቤት እንዲሁ ተጥሎ አይወጣም። የምትሄደዋ ምትክ ታመጣለች፣ ምትኳ ብታጠፋ የሚጠፋው ያመጣቻት ሴት ስም ነው። ፈረንጇ፣ መዳም የሚሏት፣ ዐረብኛ እምብዛም ስለማትሰማ ለተብርሃን እንግሊዝኛ የምትችል ሴት ስታጠያይቅ ሳጃና በሙሉ ሬሕማን ጠቆመ። ውሃ ነው እንግሊዝኛዋ አሉ። ሬሕማም ሲወራላት ሰማች፣ ቤቱን ስለፈለገችው ዝም አለች።

በቀጠሮው ቀን በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ፣ ሄዱ። መዳም ግቢዋ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀቻቸው፤ ጸጉሯ ነጭ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ስሟን፣ አገሯን ጠየቀቻት። ሬሕማ ትከሻዋን ሰበቅ እያደረገች «ኖ ፕሮብሌም»፣ «ኩል» ስትል ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ለተብርሃንም እፎይ አለች።

ከዚያ መዳም ወደ አንድ የተዘጋ መስኮት በጣቷ አመለከተች። ባለቤቷ በዚያ ክፍል ባለፈው ክረምት እንደሞተ፣ ክፍሉ እስካሁን እንደማይከፈት ነገረቻት። ሬሕማ «ሞተ» የሚለውን ለይታ ሰማች። ሙስዐብ ጨዋታ ላይ በየደቂቃው የሚለው ቃል ነው። እና ወሎም ይሁን ሱዳን፣ ሞት ሰምቶ ዝም አይባልም። እጆቿ ለፋቲሃ እንደሚዘረጉት ራሳቸው ተዘረጉ። አፏም ቃል ፈለገ። ልጆቹ አንዳቸው ሲሞትባቸው ምን ነበር የሚሉት? አገኘችው። ፊቷን በተቻላት መጠን አሳዘነችና፣

«ታፍ ላክ፣ ብሮ» አለች።

መዳም በዝግታ ወደ ለተብርሃን ዞረች፣ ቀጥሎ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሳች፣ «ታንክ ዩ» ብላ ወደ ቤት ገባች። ሬሕማ፣ ይቅር ይበላትና፣ ሴትዮዋ ልታለቅስ የገባች መስሏት ነበር። አጽናናኋት ብላ ነበር። ደስ ብሏት ነበር!

ለተብርሃን ሬሕማን ክንዷን ይዛ እስከ ውጭው በር አወጣቻት።

«ምን እንዳልሻት ታውቂያለሽ?»

«አላህ ያጽናሽ አልኳት።»

«አላልሻትም። ቁማር ተበልቶ የተነሳ ሰው ላይ እንደሚሳቀው ነው የሳቅሽባት። በባሏ ሞት።»

ሬሕማ ረክሻው ላይ አብራት መውጣት አቃታት። በዚያ ፀሐይ በእግሯ ሄደች፤ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ የሰማ እየመሰላት ጥርሃዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ቤት ስትደርስ ሳሎኑ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ሳለች ከልጆቹ አንዱ ተሸነፈና ያችኑ ቃል ወረወሩበት። ሳቁን ያኔ ሰማችው። ሳቁ ድሮም ነበረ፤ እሷ ነበረች ቃሉን ብቻ ለቅማ የወጣችው። ትሪውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በማግስቱ ሳጃና ከሚገናኙት የወሎ ልጆች አንዷ፣ ፋጤ፣ ደውላ፣ ለተብርሃን ልጇን አትጠብቂኝ ማለቷን ነገረቻት። ሌላ ሰው ይዤ በዚያች ሴት ፊት አልቆምም፣ ጥያትም አልሄድም ብላለች አለቻት። የለተብርሃን ልጅ ያለ እናቷ አራስ ልትተኛ ነው። ይሄ ነው ሬሕማን ከሉጥፊያ ፈቃድ አስጠይቆ ቡሪ የወሰዳት።

ለተብርሃን በሩን ግማሽ ከፈተች። «ምን ቀረሽ ደግሞ?»

«አስተርጉሚልኝ፣ እትዬ። ምንም ሳትቀንሺ።»

መዳም ፊት ቆማ በአማርኛ ተናገረች። እንግሊዝኛ እንደማትችል፣ ያንን ቃል ከጎረምሶች ጨዋታ ለቅማ ልታጽናናት ብላ እንዳለችው፣ ሳጃና ትችላለች ሲሏት እያወቀች ዝም እንዳለች፣ ለተብርሃን ምንም እንዳላጠፋች። ለተብርሃን እየቆራረጠች ታቀብላለች። መዳም አዳምጣ ስታበቃ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ለምን በቋንቋሽ አላልሽኝም ነው የምትለው» አለች ለተብርሃን።

ሬሕማ ልትዋሽ ትችል ነበር። ደንግጬ ነው ብትል ማን ያውቅባታል? ፊቷ ነደደ።

«እንግሊዝኛ እንደምችል እንድታይልኝ ብዬ ነው።»

ለተብርሃን ይህን ለማስተርጎም ጥቂት አመነታች። ከዚያ አለችው። ሬሕማ መሬት መሬት እያየች ስለነበር የመዳምን ፊት አላየችም፤ ዝግ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው።

«ከነገ ጀምሮ ትምጣና አብራሽ ትሥራ፣ እናያታለን ትላለች» አለች ለተብርሃን፣ ድምፅዋ ውስጥ ደስታም ይቅርታም ሳይኖር። «ነይ ወደዚህ።»

ወጥ ቤት አስገባቻት። ዞር ብላ ሳታያት መደርደሪያውን ከፈተች፣ የጠዋቱንና የማታውን መድኃኒት ለየችላት፣ ወፍራም የሸክላ ስኒ አወጣች።

«በዚህ ነው የምትጠጣው። ስትሰጫት ዝም ብለሽ ስጪያት።»

«እሺ» አለች ሬሕማ፣ ቀና ሳትል።