የመርከቡ ሬዲዮ

ዛሬ የክፍላችን ሶኬት ጨሶ ሲሸተኝ፣ አሰብ የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ።

የወደብ ሠራተኛው አባቴ ከአንድ መርከበኛ ሬዲዮ ገዝቶ ጎረቤት ሰበሰበ። ከሬዲዮው ጀርባ 110 ወይም 220 ቮልት የሚመረጥባት ትንሽ ማዞሪያ ነበረች። የመርከቡ መብራት 110፣ የቤታችን ግን 220 ነበር።

"ጋሼ፣ ይህቺን ወደ 220 ቢያዞሯት" አለ ጎረቤታችን ተስፋይ።

"መርከቡ ላይ ሲዘፍን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እንዳለ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይነካው" አለና አባቴ ሰካው።

ሬዲዮው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጨሰ። አባቴ በእንግዶቹ ፊት አንገቱን ደፋ።

ተስፋይ ቀስ ብሎ "የባሕር ጨው በልቶታል" አለ።

"ጨው ነው እንጂ! የአሰብ ጨው የማይበላው ምን አለ?" አሉ ሌሎቹም ተቀብለው።

እኔ አመንኩ። በማግስቱ የሬዲዮውን ጀርባ በምላሴ ስቀምስ አባቴ ደረሰብኝ።

"አባዬ፣ ጨው የለውም እኮ" አልኩት።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ወጥቶ ሄደ።

አሁን የሳይንስ መምህር ነኝ። ስለ ቮልት ሳስረዳ ምሳሌ መደርደር እወዳለሁ። ከሁሉም ይበልጥ የሚገባቸው የአባቴ ሬዲዮ ታሪክ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ለተማሪዎቼ አንድም ቀን አንስቼላቸው አላውቅም።