ኤላዲዮ የበየዳቸው ብሎኖች

አበልጄ ኤላዲዮ ግትር ነው። ከአባቱ የወረሳትን አረንጓዴ አሜሪካን ሠራሽ መኪና ሽጥ ቢሉት አይሸጥ፣ ለውጥ ቢሉት አይለውጥ። እኛ የወደብ ከተማዋ የካይባሪየን ሰዎች ተጠቅጥቀን የምንጓዝባት እሷ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በጤናም ሳትሻለኝ አትቀርም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀሩት መኪናዋና አንድ ልጁ ዮስባኒ ነበሩ። ዮስባኒን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የዮስባኒ ልብ ባሕር ማዶ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ረግረጉ ውስጥ ተደብቀው ጀልባ እንደሚሠሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራም። የጎደላቸው ሞተር ነው። ከእነሱ በፊት የወጡት የሠፈራችን ልጆች ደረስን ብለው አልደወሉም፤ ኤላዲዮ ይህን እያሰበ እንቅልፍ አጥቷል። "ሞተር ካላገኘ አይሄድም" ይለኛል ደጋግሞ።

አንድ ቀን ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ብድግ አለና ማራገቢያው ራዲያተሩን ቧጨረው። ኮፈኑን ስንከፍት፣ በግራ በኩል ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ለሁለት ተቀዷል። አዲስ መለዋወጫ እዚህ አገር በወሬ ነው የሚታወቀው። ሞተሩን በክሪክ ደገፍነው፤ ከከባድ መኪና ጎማ ወፍራም ቁራጭ ቆርጠን በሁለት ብረት መሃል አጣበቅን። ዮስባኒም እጁን ዘይት አስነክቶ ይረዳን ነበር።

"አባዬ፣ ለአንዲት ጎማ ይሄ ሁሉ ልፋት? ብረት በብረት አስረነው አንገላገልም?"

"ሞኝ! ሞተር ይንቀጠቀጣል። ጎማው ካልዋጠለት የተሸከመውን ነገር ሁሉ አራግፎ ይበትነዋል።"

"አንተ ደግሞ የማትፈራው ነገር የለም።"

"እፈራለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። አንተ እናት የለህምና ለእኔ ፍራልኝ።"

ዮስባኒ ስቆ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ኤላዲዮ የቀኙንም ጎማ እንዲሁ ለወጠው፤ ሁለቱንም በወፍራም ብረት አጠናከራቸው። ይኼ ደግ ነው። ቀጥሎ ግን የጎማዎቹን ብሎኖች ከነዳዶአቸው ከመኪናዋ ሻንሲ ጋር ይበይዳቸው ጀመር።

"ምን ነካህ አበልጄ? ነገ ሲቀደድ በምን ልትፈታው ነው?"

"እንዳይፈታ ነው።"

"የምታስረው ሞተሩን ነው ልጁን?" አልኩት ለቀልድ። ቀና ሳይል ብየዳውን ቀጠለ።

ጎረቤታችን እማማ ኦብዱሊያ ሲቀበሩ ሠፈሩ ሁሉ ወጣ። ዮስባኒ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ስንመለስ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሞተሩ የለም። ከቤትም የዮስባኒ እናት አልጋ ወፍራም ጣውላ አብሮ ጠፍቷል። ዮስባኒና ጓደኞቹ፣ ብሎኖቹ እምቢ ቢሏቸው ጊዜ፣ ጎማዎቹ ላይ የሚያርፉትን የብረት እግሮች ከሞተሩ ጎን ፈትተው ሞተሩን ብቻ ወስደውታል። እግሮቹና ጎማዎቹ ሻንሲው ላይ እንደተበየዱ ቀርተዋል።

እኔ ልጁን ስረግም ኤላዲዮ ጎማዎቹን ያያል።

"ያለ ጎማ ነው የወሰዱት" አለ ቀስ ብሎ። "እንጨት ላይ፣ ብረት በብረት ሊያስሩት ነው።"

ያኔ ገባኝ። ረግረጉን እስኪመሽ አሰስነው፣ በማግስቱም። ጀልባው የተሠራበትን ቦታ ስናገኝ የቀረው የእንጨት ፍቅፋቂና የተጎተተበት ጭቃ ነው። ኤላዲዮ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ በልጁ ስም ወደ ባሕሩ ተጣራ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ዳግመኛ አያሰማኝ።

በዚያው ሰሞን የተነሳው የሰሜን ነፋስ ካለፈ በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጣውላ ይዞ መጣ። የአልጋው ጣውላ ነው፤ ኤላዲዮ ለሠርጉ የቀረጸው አበባ አለበት። የብሎን ቀዳዳዎቹ ተበልተው ሰፍተዋል። ኤላዲዮ ጣቱን ከተተ፣ ሁለተኛ ጣት ጨመረ፣ ሁለቱም ያለ ችግር ገቡ።

"ጎማውን የነሳሁት እኔ ነኝ፣ አበልጄ።"

ጣውላውን ተሸክሞ ወደ መኪናዋ ሄደ። ሞተሩ በነበረበት ቦታ፣ እኛ በሠራናቸው ጎማዎች ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመውና ኮፈኑን ዘጋው።