ከመሪው ሥር ያሰርኩት

ይህን ነገር እስከ ትናንት ድረስ ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሳይሰማው ሞተ፤ ልጆቼም አያውቁትም። ለነፍስ አባቴ የነገርኳቸው ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። አሁን የምጽፈው የዋጥኩትን ነው። የምታነቡ ሁሉ ስሙኝ እንጂ አታጽናኑኝ።

የምኖረው ሞላሌ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ባለቤቴ በአሮጌ ላንድክሩዘር ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሰው ያመላልስ ነበር። በሰፈሩ መኪና ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን፣ ሰው ቆሞ ባያት ቁጥር የቡዳ ዓይን እፈራ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በመዝገብ ቤት የምሠራ ሴት ነበርኩ። ሆኖም ቀየት የሚባል አገር ድረስ ሄጄ ከአንድ ደብተራ ዘንድ የቡዳ ክታብ አስጻፍኩ። በቆዳ የተሰፋች፣ ጡጫ የምታክል፣ ከበድ ያለች ነበረች። ባለቤቴ በሌለበት ከመሪው ሥር እጄን ሰደድኩና ከዳሽቦርዱ ኋላ ካገኘሁት የሽቦ ጥቅል ጋር አሰርኳት። ለማንም አልነገርኩም። ታላቅ ወንድሜ ቄስ ነበሩ፤ ክታብ የሚያንጠለጥለውን ሰው በዐውደ ምሕረት ቆመው ይገሥጹ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረች። ሜዳው ላይ ደህና ትሄዳለች። ኮረኮንች ላይ ስትንገጫገጭ ግን ሞተሩ ድንገት ቀጥ ይላል፤ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉ ሲዞር ምንም እንዳልነካት ትነሣለች። አንድ ቀን ሰው እንደጫነች ቁልቁለት ላይ ጠፋች። ባለቤቴ ገደሉ ሳይደርስ ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ አቆማት። ሰው አልሞተም።

የከተማው መካኒክ ታደለ ይባል ነበር። አያቱ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ በእኛ አገር የቀጥቃጭ ዘር ቡዳ ይባላል። እጁን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ማዕዱን ግን የሚቀርብ አልነበረም። ታደለ የባትሪውን ማሰሪያ አጠበቀ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ሽቦ ሁሉ ነቀነቀ። እሱ ግቢ ስትገባ ግን መኪናዋ አትጠፋም።

«ጋሼ፣ ይቺ እኔን ስታይ ትድናለች» አለው ባለቤቴን።

«ፈርታህ ነው ወዳህ?»

«ብትወደኝማ ሕመሟን ትነግረኝ ነበር» አለና ሳቀ። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ «ባትሪም ናፍጣም አይደለም። መብራቱና ሞተሩ አንድ ላይ የሚሞቱት ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ሲለቅ ነው። ስትንገጫገጭ የሚጎትተው ነገር አለ። ቅዳሜ ዳሽቦርዱን ፈትቼ አየዋለሁ» አለ።

የሚጎትተው ነገር። አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ፤ ወዲያው ገባኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምን ነበር ያስፈራኝ? የወንድሜ ቁጣ ነው? የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሳቅ ነው? ለዚህች ትንሽ ነገር ነው ዝም ያልኩት።

ዓርብ ባለቤቴ ቀብር ሲሄድ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ክታቧ ሽቦዎቹን ቁልቁል ስባ አንዱን ሶኬት እስከ ግማሹ አውጥታዋለች። ክታቧን ቆርጬ ወሰድኩ፤ ሶኬቱን እስኪጠብቅ ገፋሁት። ቅዳሜ ታደለ ፈታ፣ ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። መኪናዋም ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋችም።

ሰዉ ለዚህ ምክንያት ፈለገለት። «በልቷት ነበር፤ ሊነቃበት ሲል ለቀቃት» ይባል ጀመር። በገበያ ቀን ጎረቤቴ አስካለ በሰው ፊት ጠየቀችኝ።

«እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪን። እውነት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። «የጀመራት ግን እሱ ከነካት ወዲህ ነው።»

ውሸት ነበር። የጀመራት እኔ ከነካኋት ወዲህ ነው። አስካለ ግን «ሰማችሁ? እሷም አይታዋለች!» ብላ ለገበያተኛው አዳረሰችው። እሷን አልከስም። ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

መኪና ያለው ሁሉ ለማሠራት ወደ ሌላ ከተማ ይወስድ ጀመር። የታደለ ሚስት ወፍጮ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ዱቄታቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ሸፍኛለሁ።

ከዚያ ታደለ መሥሪያ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ሽቦው ሁሉ አቧራ እንደለበሰ ነው። አንድ ሶኬት ላይ ብቻ አቧራው ተጠርጎ የጣት ምልክት ነበረበት። የጋሼ ጣት እዚያ አይገባም። ምን እንዳደረጉ አልጠይቅዎትም። ታደለ አይደለም ብቻ ይበሉልኝ።»

«አላውቅም» አልኩት። መዝገቤን ገለጥኩ።

«እሺ፣ ይሁን» ብሎ ወጣ። ክረምቱ ሳይገባ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ።

ክታቡን በኋላ ተናዝዣለሁ። ነፍስ አባቴ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ሰውየውን ግን አልተናዘዝኩም። በክታብ ኃጢአት እየሰገድኩ በሰው ላይ የሠራሁትን ደብቄ ኖርኩ።

ባለፈው ወር ሰንበቴ ላይ የታደለ የእኅት ልጅ ነገር ተነሣ። ታጭታ ነበር፤ የወንዱ ቤተሰብ አፈረሰው። አንዲት ሴት፣ «አጎቷ መኪና የበላው ሰውዬ አይደል? እማማ እኮ በዓይናቸው አይተዋል» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ዝም አልኩ። ወንድሜ አርፈዋል፤ መሥሪያ ቤቱንም ከተውኩት ቆየሁ። የምፈራው ሰው ሳይኖር እንደገና ዝም አልኩ። ለዚህ ምክንያት የለኝም።

ትናንት የልጅቷ እናት ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

«ታደለ የት ነው?» አልኳት በመጨረሻ።

«አለ» አለችኝ። የት እንደሆነ አልነገረችኝም። በሩ ድረስ ሸኘችኝና፣ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ እማማ? እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ለነሱ፣ ጋብቻውን ላፈረሱት ይንገሩ» አለችኝ።

ደክሞኛል፤ እየነገርኳችሁ ነው ግን። መኪናዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ያዳንኳትም እኔ ነኝ። በታደለ ላይ የመሰከርኩት እያወቅሁ ነው፣ ሲለምነኝም እምቢ ያልኩት እያወቅሁ ነው። ልጃችሁን ለዚያች ልጅ የከለከላችሁ፣ የከለከላችሁት በእኔ ቃል ነው፤ ቃሉም ውሸት ነው። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም። እናንተ ግን ልጅቷን ይቅርታ ጠይቋት።